ትሪጎኖሜትሪ ያለበት ፓራሜትሪክ ኢኩዌሽን፦ ሬንጁን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ ሸ እና ቀ ሁለቱም በአንድ አንግል ተ ተገልጸዋል፤ አንግሉ የሚንቀሳቀስበት ወሰንም ተሰጥቷል። ሸ ከስንት እስከ ስንት ነው? ቀ ደግሞ? 3ሸ + 4ቀ ቢባልስ? ወይም አንድ ቀጥታ መስመር ግራፉን እንዲያገኘው ቋሚው ቁጥር መ ከስንት እስከ ስንት መሆን አለበት? አራቱም ሲገለጡ ያው አንድ ጥያቄ ናቸው፤ የሚፈቱትም በአንድ መንገድ ነው። ተማሪ ነጥብ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ፎርሙላ ጠፍቶት አይደለም። የአንግሉን ወሰን መጀመሪያ ላይ አንብቦት መሃል ላይ ስለሚጥለው ነው።

እዚህ ሸ አግድም፣ ቀ ወደ ላይ የሚለካው ኮኦርዲኔት ነው። ተ ፓራሜትሩ፣ መ ቋሚ ቁጥር ነው። አንግሎቹ በዲግሪ ናቸው። ሬንጅ ማለት አንድ ነገር ሊወስዳቸው የሚችላቸው ዋጋዎች ስብስብ ነው፤ [ ] ጫፉ ሲካተት፣ ( ) ጫፉ ሲቀር ነው።

1. ወሰኑን ወደ ውስጠኛው አንግል አሻግሩ

ሸ = 3 + 4 ሳይን(2ተ − 30°)፣ 0° ≤ ተ ≤ 90°

ሳይን የሚያነበው አንግል ተ ራሱ ሳይሆን 2ተ − 30° ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወሰኑን በ2 አባዙና 30° ቀንሱ፦

0° ≤ 2ተ ≤ 180°
−30° ≤ 2ተ − 30° ≤ 150°

አሁን ሳይን ከ−30° ተነስቶ 150° እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ተከተሉ። −1/2 ላይ ይጀምራል፣ እየወጣ 90° ላይ 1 ይሆናል፣ ከዚያ እየወረደ 150° ላይ 1/2 ይደርሳል። ከነዚህ ትንሹ −1/2፣ ትልቁ 1 ነው። በ4 አባዝተን 3 ስንደምር የሸ ሬንጅ [1, 7] ሆነ። 7 የሚገኘው 2ተ − 30° = 90° ሲሆን፣ ማለትም ተ = 60° ላይ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንዱ ጫፎቹን ብቻ መተካት ነው፦ ተ = 0° ሲሆን ሸ = 1፣ ተ = 90° ሲሆን ሸ = 5፤ ስለዚህ [1, 5] ይባላል። መሃል ላይ ያለው ጫፍ ተዘለለ ማለት ነው። ሁለተኛው ወሰኑን ጨርሶ ረስቶ ሳይን ከ−1 እስከ 1 ነው ማለት ነው፤ መልሱ [−1, 7] ይሆናል። ምርጫ ባለው ፈተና ሁለቱም ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጠው እንደሚጠብቋችሁ እርግጠኛ ሁኑ፤ ጥያቄ አውጪው እነዚህን ስህተቶች ከማንም በላይ ያውቃቸዋል።

ለሳይን መታየት ያለባቸው አንግሎች 90° እና 270° ናቸው፤ ለኮሳይን 0°፣ 180° እና 360° ናቸው (360° የተደመረባቸውና የተቀነሰባቸውም ጭምር)። ከነዚህ አንዱ ውስጠኛው ወሰን ውስጥ ከወደቀ ዋጋው ከሁለቱ ጫፎች ጋር አብሮ ይወዳደራል። ካልወደቀ ጫፎቹ ብቻቸውን ይበቃሉ።

ኮፊሸንቱ ኔጌቲቭ ሲሆንና ጫፉ ክፍት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቀ = 5 − 2 ኮሳይን ተ፣ 60° < ተ ≤ 180°

ኮሳይን ከ60° እስከ 180° ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ −1 ≤ ኮሳይን ተ < 1/2። በ−2 ስናባዛ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ፦ −1 < −2 ኮሳይን ተ ≤ 2። 5 ስንደምር ሬንጁ (4, 7] ነው። ክፍት የነበረው ላይኛው ጫፍ ወደ ታች ወርዶ የትንሹ ዋጋ ጫፍ ሆኗል።

ክፍት ጫፍ ሁልጊዜ ክፍት መልስ ይሰጣል ማለት ግን አይደለም። 30° < ተ ≤ 150° ላይ የሳይን ሬንጅ [1/2, 1] ነው፣ ሁለቱም ጫፍ ዝግ ነው። 30° ራሱ አልተካተተም፤ ነገር ግን 1/2 የሚለው ዋጋ 150° ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ 150° ደግሞ ተካቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ይህ አንግል አለ ወይ?» ሳይሆን «ይህን ዋጋ የሚሰጥ ሌላ አንግል ወሰኑ ውስጥ አለ ወይ?» ነው።

2. ሁለት የትሪጎኖሜትሪ ቃላት ከተደመሩ ለየብቻ አትለኩ

ቀ = ኮሳይን 2ተ + 2 ሳይን ተ

ፈጣኑ መልስ፦ ኮሳይን 2ተ ከ−1 እስከ 1፣ 2 ሳይን ተ ከ−2 እስከ 2፣ ድምሩ ከ−3 እስከ 3። ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። 3 እንዲገኝ ሳይን ተ = 1 እና ኮሳይን 2ተ = 1 በአንድ ጊዜ መሆን አለባቸው። ነገር ግን ሳይን ተ = 1 ሲሆን ኮሳይን 2ተ = −1 ነው። ሁለቱ በአንድ አንግል የታሰሩ ስለሆነ አንዱ ጣሪያ ሲነካ ሌላው ወለል ላይ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ፋንክሽን መመለስ ነው። ኮሳይን 2ተ = 1 − 2 ሳይን²ተ ስለሆነ፣ ሳይን ተ = ሰ ብለን ስንጽፍ፦

ቀ = 1 + 2ሰ − 2ሰ²

ይህን በጻፋችሁበት ቅጽበት ቀጣዩ መስመር ላይ የሰን ወሰን ጻፉ። ሰ ተራ ቁጥር አይደለም፤ ሳይን ነውና ቢበዛ ከ−1 እስከ 1 ነው፣ የአንግሉ ወሰን ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የፓራቦላው ቨርቴክስ (ግራፉ አቅጣጫ የሚቀይርበት ጫፍ) ሰ = 1/2 ላይ ነው፣ ዋጋውም 3/2 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስራ ሶስት ቁጥር ማወዳደር ነው፦ ሁለቱ የሰ ጫፎችና ቨርቴክሱ፣ ቨርቴክሱ ወሰኑ ውስጥ ካለ ብቻ።

ያው ፋንክሽን በሶስት ወሰን ሶስት መልስ ይሰጣል፦

ተ ሙሉ ዙር ሲሆን (0° ≤ ተ < 360°) ሰ ከ−1 እስከ 1 ነው። ሰ = −1 ላይ ቀ = −3፣ ሰ = 1 ላይ ቀ = 1፣ ቨርቴክሱ 3/2። ሬንጁ [−3, 3/2]።

0° ≤ ተ ≤ 180° ሲሆን ሰ ከ0 እስከ 1 ነው። ሁለቱም ጫፍ 1 ይሰጣሉ፣ ቨርቴክሱ 3/2። ሬንጁ [1, 3/2]።

45° ≤ ተ ≤ 135° ሲሆን ሰ ከ√2/2 እስከ 1 ነው። √2/2 ወደ 0.707 ገደማ ስለሆነ ቨርቴክሱ 1/2 ከወሰኑ ውጭ ቀረ። ሰ = √2/2 ላይ ቀ = 1 + √2 − 1 = √2፤ ሰ = 1 ላይ ቀ = 1። ሬንጁ [1, √2]። እዚህ 3/2 ብሎ የጻፈ ተማሪ አልጀብራው ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ ብቻ ስህተት ይሆናል። √2 ከ3/2 ብዙም ስለማይርቅ በዓይን ግምትም አይያዝም።

3. ፓራሜትሩን ስታጠፉ የጠፋውን ወሰን መልሱ

ሸ = ሳይን ተ እና ቀ = ኮሳይን 2ተ ቢሰጡ፣ ተ ሲጠፋ ቀ = 1 − 2ሸ² ይመጣል። ይህ ኢኩዌሽን ብቻውን ሲታይ ወደ ታች ማለቂያ የሌለው ፓራቦላ ነው። እኛ የያዝነው ግን ከ(−1, −1) ተነስቶ (0, 1)ን አልፎ (1, −1) ላይ የሚያቆም ቁራጭ ብቻ ነው። አንግሉ ዞሮ ሲመጣ ነጥቡ በዚያው ቁራጭ ላይ ይመላለሳል እንጂ ወደ ታች አይቀጥልም። ስለዚህ የቀ ሬንጅ [−1, 1] ነው፤ ከፓራቦላው ተነስቶ «ቀ ≤ 1» ብሎ ማቆም ስህተት ነው።

ሸ = ሳይን²ተ፣ ቀ = ኮሳይን²ተ ላይም እንዲሁ ነው፦ ሸ + ቀ = 1 ቀጥታ መስመር ይመስላል፣ ያለን ግን ከ(0, 1) እስከ (1, 0) ያለው ቁራጭ ነው። ሸ = ሴካንት ተ፣ ቀ = ታንጀንት ተ ሲሆን ሸ² − ቀ² = 1 የሚለው ሃይፐርቦላ ሁለት ክንፍ አለው፤ −90° < ተ < 90° ከተባለ ግን ኮሳይን ፖዘቲቭ ስለሆነ የቀረልን የቀኙ ክንፍ ብቻ፣ ሸ ≥ 1 ነው። ቀ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ክብ ላይ ደግሞ እንይ፦

ሸ = 2 + 3 ኮሳይን ተ፣ ቀ = −1 + 3 ሳይን ተ

ማዕከሉ (2, −1)፣ ሬዲየሱ 3 የሆነ ክብ ነው። ሙሉ ዙር ከሆነ ሸ ከ−1 እስከ 5፣ ቀ ከ−4 እስከ 2 ነው። 0° ≤ ተ ≤ 120° ከተባለ ግን ቅስት ብቻ ይቀራል። ኮሳይን ከ1 እስከ −1/2 ሳይመለስ ይወርዳል፣ ሸም [1/2, 5] ይሆናል። ሳይን ከ0 ተነስቶ 90° ላይ 1 ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀ [−1, 2] ነው። በ120° ያለውን ዋጋ (ወደ 1.6 ገደማ) ላይኛው ጫፍ አድርጎ መውሰድ ደረጃ 1 ላይ ያየነው ስህተት ነው።

4. ሸ እና ቀ አንድ ላይ ሲመጡ

በዚያው ክብ ላይ የ3ሸ + 4ቀ ሬንጅ ስንት ነው? የሸን ትልቅ ዋጋ 5ን እና የቀን ትልቅ ዋጋ 2ን ወስዶ 15 + 8 = 23 ማለት አይሆንም። ሸ 5 የሚሆነው ተ = 0° ላይ፣ ቀ 2 የሚሆነው ተ = 90° ላይ ነው፤ (5, 2) የሚባል ነጥብ ክቡ ላይ የለም። ይልቅ ተኩ፦

3ሸ + 4ቀ = 6 + 9 ኮሳይን ተ − 4 + 12 ሳይን ተ = 2 + 9 ኮሳይን ተ + 12 ሳይን ተ

ሀ ኮሳይን ተ + ለ ሳይን ተ የሚመስል ነገር ሁሉ ወደ አንድ ኮሳይን ይጠቀለላል። ቁመቱ √(ሀ² + ለ²) ነው፤ እዚህ √(81 + 144) = √225 = 15። ስለዚህ፦

3ሸ + 4ቀ = 2 + 15 ኮሳይን(ተ − ዘ)፣ ኮሳይን ዘ = 3/5፣ ሳይን ዘ = 4/5፣ ዘ ≈ 53.1°

ሙሉ ዙር ከሆነ 2 − 15 እና 2 + 15፤ ሬንጁ [−13, 17]።

0° ≤ ተ ≤ 120° ከሆነ እንደገና ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፦ ተ − ዘ ከ−53.1° እስከ 66.9° ይሄዳል። 0° መሃል ስላለ ትልቁ ዋጋ 17 ነው። ትንሹ ዋጋ ከሁለቱ ጫፎች ከ0° ይበልጥ የራቀው ላይ ነው፤ ያም 66.9°፣ ማለትም ተ = 120° ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ዘን በዲግሪ ማስላት አያስፈልግም፤ ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ደግሞ አይሞከርም። ተ = 120°ን በመጀመሪያው አጻጻፍ ላይ ተኩ፦ 2 + 9(−1/2) + 12(√3/2) = 6√3 − 5/2፣ ወደ 7.89 ገደማ። ሬንጁ [6√3 − 5/2, 17]። የትኛው ጫፍ እንደሚያንስ ካላወቃችሁ ሁለቱንም ተኩ፤ ተ = 0° ላይ 11 ይመጣል፣ ከ7.89 ይበልጣል።

ክፍልፋይ ሲሆን ዘዴው ትንሽ ይለያል። የ ሳይን ተ/(2 + ኮሳይን ተ) ሬንጅ ቢጠየቅ ክፍልፋዩን መ በሉት፦

ሳይን ተ = መ(2 + ኮሳይን ተ)
ሳይን ተ − መ ኮሳይን ተ = 2መ

2 + ኮሳይን ተ ከ1 አያንስም፣ ስለዚህ በዜሮ የመካፈል ስጋት የለም፤ ይህን አንዴ መጻፍ ግን ይጠቅማል፣ ሌላ ጥያቄ ላይ ስጋቱ ይኖራልና። የግራው ወገን ከ√(1 + መ²) አይበልጥም፣ ከኔጌቲቩም አያንስም። መፍትሔ እንዲኖር 4መ² ≤ 1 + መ² መሆን አለበት፣ ማለትም መ² ≤ 1/3፣ ሬንጁ [−√3/3, √3/3]።

ይህ ዘዴ የሚሰራው ተ ሙሉ ዙር ሲሆን ነው። 0° ≤ ተ ≤ 90° ቢባል √3/3 የሚገኝበት አንግል 120° ነውና ከወሰኑ ውጭ ነው። ክፍልፋዩ እስከ 120° ድረስ እየጨመረ ስለሚሄድ በዚህ ወሰን ከ0 ተነስቶ 90° ላይ 1/2 ይደርሳል፤ መልሱ [0, 1/2] ነው።

5. የቋሚው ቁጥር ወሰን፣ ዲስክሪሚናንት የሚያታልልበት ቦታ

ሸ = ሳይን ተ፣ ቀ = ኮሳይን 2ተ፣ 0° ≤ ተ < 360°። 2ሸ + ቀ = መ የሚለው መስመር ግራፉን የሚያገኘው መ ስንት ሲሆን ነው?

ብዙዎች ቀ = 1 − 2ሸ²ን ተክተው 2ሸ² − 2ሸ + (መ − 1) = 0 ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ ዲስክሪሚናንቱ (በኳድራቲክ ፎርሙላው ውስጥ √ ስር ያለው ቁጥር) ከዜሮ አያንስ ይላሉ፦ 4 − 8(መ − 1) ≥ 0፣ ስለዚህ መ ≤ 3/2። መልሱ አለቀ ይመስላል። መ = −100 ብላችሁ ሞክሩት፦ ሸ = (1 ± √203)/2፣ አንዱ 7.6 አካባቢ፣ ሌላው −6.6 አካባቢ ነው። ሳይን 7.6 አይሆንም። ዲስክሪሚናንት የሚጠይቀው «ሥር አለ ወይ?» ብቻ ነው፤ «ከ−1 እስከ 1 ያለ ሥር አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

አጭሩ መንገድ መን ብቻውን ማስቀመጥ ነው። መ = 2ሸ + ቀ = 1 + 2ሰ − 2ሰ²፣ ይህ ደግሞ ደረጃ 2 ላይ የሰራነው ፋንክሽን ነው። ስለዚህ መልሱ የዚያ ሬንጅ ራሱ ነው፦ −3 ≤ መ ≤ 3/2።

ጥያቄው «ስንት ጊዜ?» ብሎ ከቀጠለ ፓራቦላውን ከሰ = −1 እስከ ሰ = 1 ብቻ ሳሉና አግድም መስመር ከታች ወደ ላይ አንሱ። ከ−3 ጀምሮ 1 እስኪደርስ (1 ሳይጨመር) አንድ ነጥብ ብቻ ይቆርጣል። ከ1 ጀምሮ 3/2 እስኪደርስ (3/2 ሳይጨመር) ሁለት ነጥብ። 3/2 ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ ያልፋል። ከዚያ ውጭ ምንም የለም።

የነጥቦች ብዛትና የአንግሎች ብዛት ግን አንድ አይደሉም፣ የጥያቄውን ቃል በደንብ አንብቡ። ከ−1 እና ከ1 በቀር እያንዳንዱ የሰ ዋጋ በአንድ ዙር ሁለት አንግል አለው፤ −1 እና 1 ግን አንድ አንድ ናቸው። መ = 3/2 ሲሆን ነጥቡ አንድ፣ አንግሎቹ ሁለት (30° እና 150°) ናቸው። መ = 1 ሲሆን ሰ = 0 ወይም ሰ = 1 ነው፤ ነጥቦቹ ሁለት፣ አንግሎቹ ግን 0°፣ 180° እና 90°፣ ማለትም ሶስት ናቸው። ወሰኑ 360°ን ቢያካትት አራት ይሆኑ ነበር።

6. ሁሉም ወደ አንድ ሳይን ካልተመለሰ

ቀ = 2 ሳይን ተ + ሳይን 2ተ ላይ ሳይን 2ተ = 2 ሳይን ተ ኮሳይን ተ ስለሆነ በሳይን ብቻ መጻፍ አይመችም። እዚህ ዴሪቫቲቭ ያስፈልጋል። የዴሪቫቲቭ ፎርሙላው በራዲያን ነው የሚሰራው፤ ዜሮ የሚሆንባቸውን አንግሎች ካገኛችሁ በኋላ ወደ ዲግሪ መመለስ ትችላላችሁ።

2 ኮሳይን ተ + 2 ኮሳይን 2ተ = 0
2 ኮሳይን²ተ + ኮሳይን ተ − 1 = 0

ኮሳይን ተ = 1/2 ወይም −1። በ60° ቀ = √3 + √3/2 = 3√3/2፤ በ300° የዚያው ኔጌቲቭ። በ180° ዴሪቫቲቩ ዜሮ ቢሆንም ቀ = 0 ነው፣ ትልቅም ትንሽም አይደለም። ሬንጁ [−3√3/2, 3√3/2]፣ ጫፎቹ ወደ 2.6 ገደማ ናቸው፤ ለየብቻ ለክቶ የደመረ ሰው 3 ይላል።

መልሱን በስልክ ማየት

ግራፍ ከሚስሉት አፖች ዴስሞስ ወይም ጂኦጀብራ ይበቃል። ዴስሞስ ላይ ሁለቱን ፋንክሽኖች በኮማ ለይታችሁ በአንድ ቅንፍ ውስጥ እንደ ነጥብ ጻፏቸው፤ የፓራሜትሩ ወሰን ከስር ይመጣል። ያ ወሰን መጀመሪያ ከ0 እስከ 1 ሆኖ ስለሚመጣ የምታዩት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ የጥያቄውን ወሰን ራሳችሁ አስገቡ። አንግሉም ሳይቀየር በራዲያን ነው፤ በዲግሪ እየሰራችሁ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀይሩት። ይህ ከተረሳ 120 ብላችሁ ያስገባችሁት 120 ራዲያን፣ ማለትም ከ19 ዙር በላይ ይሆንና ቅስት የጠበቃችሁበት ቦታ ሙሉ ክብ ይሳላል።